ሳይጠሩ የሚመጡ እንግዶች

እናንተዬ፣ ኮምፒውተሬ ጠዋት በርቶ ሥራ እስኪያስጀምረኝ ቡና አፍልቼ አቦሉን እጠጣ ነበር ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ቀልዴን አይደለም። ጽሑፍ የማስረክብበት ሰዓት እያለፈኝ አዘጋጁ «አንቺ ልጅ፣ ሰበብሽ በዛ» እስኪለኝ ደረስኩ። በጻፈችው ልክ ለምትከፈል ሴት ይሄ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ገና ሳይከፍተው «ሁሉም ይጥፋና እንደ አዲስ ይጫን» አይለኝ መሰላችሁ! የሟች እናቴ ፎቶዎች ያሉት እዚያው ላይ ነው። ታቅፌው ተመለስኩ።

ያዳነችኝ ታናሽ እህቴ ናት። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጭና ታስክ ማናጀርን ከፈተች። «ስታርትአፕ» የሚለውን ስትነካው ጉዴ ወጣ። ቴሌግራም፣ ስፖቲፋይ፣ ድሮ ለሸጥኩት ፕሪንተር የተጫነ ፕሮግራም... ለካስ ኮምፒውተሩ በበራ ቁጥር ሁሉም ሳይጠሩ አብረው ይነሳሉ! ዲስኩ ደግሞ የድሮው፣ የሚሽከረከረው ዓይነት ነው፤ ሲሻሙበት ምን ያድርግ?

እያንዳንዱን በቀኝ ቁልፍ እየተጫነች «ዲሴብል» አለችው።

«አጠፋሻቸው እንዴ?» ብዬ ጮህኩ።

«ኧረ አሉ! ስትፈልጊ ትከፍቻቸዋለሽ፤ በራሳቸው አይነሱም እንጂ።»

ጸረ ቫይረሱንና ምንነቱን ያላወቀችውን ግን አልነካችም። እናንተም እንደዚያው አድርጉ።

አሁንም ፈጣን ነው አልልም። ግን ቡናው ተቆልቶ ሳያልቅ ተከፍቶ ይጠብቀኛል። አዘጋጁ ብቻ እስከዛሬ የኮምፒውተሩን ነገር አላመነኝም።