ወገቧን የተያዘች ትል

አማርኛችን ዓሣን ስለ መብላት ብዙ ብሏል። «ዓሣን መብላት በብልሃት» ይላል፤ «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» ብሎም ያስጠነቅቃል። ስለ ማጥመዱ ግን፣ ቢያንስ እንደ እኔ ባለ የደጋ ከተማ ልጅ አፍ ላይ፣ ከመረብና ከመንጠቆ የሚያልፍ ቃል እምብዛም አይገኝም። የጣና ዳር ሰዎች እንደሚኖራቸው አልጠራጠርም፤ ወደ እኛ ግን አልደረሰም።

ይህ ጉድለት ጎልቶ የሚታየኝ ከናይሮቢ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሚገኘው በናይቫሻ ሐይቅ ላይ፣ ከ13 ዓመት ልጄ ጋር ጀልባ ላይ ስቀመጥ ነው። ልጁ የተወለደው ናይሮቢ ነው፤ አማርኛ ይሰማል፣ የሚመልሰው ግን በስዋሂሊ ወይም በእንግሊዝኛ ነው። ቃል በመተርጎም ለሚያድር አባት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለዚህ መጽሔት አንባቢ ማስረዳት አያሻም። ስለዚህ አንድ ውል ተዋውለናል፦ ክሩ ውኃ ውስጥ እስካለ ድረስ የጀልባው ቋንቋ አማርኛ ነው።

የምናጠምደው ባስ የተባለውን አፈ ሰፊ ዓሣ ነው። እሱም ለአገሩ እንግዳ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ ገደማ ከሰሜን አሜሪካ መጥቶ ሐይቁ ውስጥ ተለቀቀ። በ1970 ደግሞ ትውልዱ ከሉዊዚያና የሆነ፣ ባለ መቆንጠጫው ቀይ የውኃ እንስሳ ክሬይፊሽ ተጨመረ፤ ባሱም የአገሩን ልጅ አግኝቶ ይበላው ጀመር። የሐይቁ ተወላጅ የነበረችው ትንሽ ዓሣ ለመጨረሻ ጊዜ የታየችው በ1962 ነው። በዓሣ አስጋሪዎች መረብ የሚገባው ካርፕም ከ2000 ወዲህ የገነነ መጤ ነው። ከደንገሉ ሥር የተጠጋው እምቦጭ እንኳ እንደ ጣናው ሁሉ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው።

ባስ አድፍጦ የሚጠብቅ እንጂ ሲያሳድድ የሚውል ዓሣ አይደለም። ለእርሱ የምንወረውርለት ከለስላሳ ፕላስቲክ የተሠራች፣ አንድ ስንዝር የማትሞላ ትል ናት። ሌላው አጥማጅ ትልን ከራሷ ጀምሮ በመንጠቆ ላይ ያለብሳታል፤ በዚህኛው ዘዴ ግን መንጠቆው ወገቧ ላይ ይሻገርና ሁለቱ ጫፎቿ በግራና በቀኝ ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ሲያዩዋት ታስቃለች። ውኃ ውስጥ ስትወርድ ግን ሁለቱም ጫፎች ይንቀጠቀጣሉ፤ አጥማጁ ምንም ሳያደርግ ትሏ ሥራዋን ትሠራለች። በመንጠቆው አንገት ላይ የምትቀመጠው የእርሳስ ፍሬ ከ2 እስከ 4 ግራም ብትመዝን ይበቃል። ያለ እርሳስ ትሏ አዝግማ ትወርዳለች፤ የናይቫሻ የከሰዓት ነፋስም ክሩን እንደ ቀስት ያጎብጠውና የት እንዳለች አይታወቅም። እርሳሱ ከበዛ ደግሞ እንደ ድንጋይ ትዘቅጣለች፣ መንቀጥቀጧም ይጠፋል። እኔ ብዙ ጊዜ ቀላሉን እመርጣለሁ፤ ልጄ፣ ትዕግሥት ስለሚያንሰው፣ ከባዱን።

አሜሪካኖች ይህን አሰካክ «ዋኪ» ይሉታል፤ ቅጥ ያጣ፣ ወፈፍ ያደረገው እንደ ማለት ነው። «ወፈፌ መንጠቆ» ብዬ አቀረብኩለት። ልጁ ቃሉን አላወቀውም፤ ሳስረዳውም አልወደደውም። «አባዬ፣ አላበደችም እኮ» አለኝ፤ «ወገቧን ነው የያዝናት።» ሃያ ዓመት ያህል ስተረጉም ስም ከሚስቅባት ሰው አፍ ሳይሆን ከነገሩ አሠራር ሲወጣ እንደሚጸና አይቻለሁና ወዲያው ተቀበልኩት። አሁን ዘዴው በቤታችን «ወገብ ያዥ» ይባላል። ባለ እርሳሱን መንጠቆ «ራሰ ከባድ» ያልኩት እኔ ነኝ፤ ልጄ ግን ይህ ስም ለክፍል ጓደኛው እንደሚስማማ ነግሮኛል።

ዘዴው አንድ ክፋት አለው፤ ወገቧ የተወጋች ትል ቶሎ ትበጠሳለች። ቁራጩ ሐይቁ ውስጥ ይቀራል፣ አይበሰብስም፤ ዓሣም ይውጠዋል። ኬንያ በ2017 የፕላስቲክ ከረጢት ከልክላለች፤ ይህን የመሰለውን ፕላስቲክ ግን የሚጠይቅ የለም። በትሏ ወገብ ላይ ጠባብ የጎማ ቀለበት አጥልቆ መንጠቆውን ከቀለበቱ ሥር ማሳለፍ መበጠሱን በእጅጉ ይቀንሰዋል። ልጄ ቀለበቱን «መቀነት» ብሎታል። ቃሉን ከአያቱ የሰማው ይመስለኛል፤ እኔ አላስተማርኩትም።

ገና ስም ያላገኘንለት ነገር አለ። ባስ ትሏን ብዙውን ጊዜ የሚመጠምጣት በመውረድ ላይ ሳለች ነው፤ እጅ ምንም ሳይሰማው ክሩ በውኃው ገጽ ላይ ቀስ ብሎ ወደ ጎን ይንሸራተታል። ያኔ የላላውን ክር ሰብስቦ ዘንጉን ማንሳት ነው። እኔ «ክሩ ሄደ» እላለሁ፤ ልጄ «ክሩ አወቀ» ይላል። እስካሁን አልተስማማንም።