የመጽሐፍ ጥጃ

ጉባኤው የተጠራው ለሁለት ቀን ነው። መንገዱ አራት ቀን ፈጀ። ነገሌ ቦረና ከአዲስ አበባ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች ይባላል፤ እኛ ግን የምንቆጥረው ኪሎ ሜትር ሳይሆን አዳር ነው። ስሄድ ሐዋሳ አደርኩ፣ ስመለስም ሐዋሳ አደርኩ፣ መሃል ላይ ስለ ቤተ መጻሕፍት ቴክኖሎጂ ሰማሁ።

የጥሪው ደብዳቤ ሲደርስ ባልደረቦቼ ርዕሱን አልጠየቁኝም። «ውሎ አበሉ ስንት ነው?» ነው ያሉኝ። ርዕሱን ስነግራቸውማ ሳቁ። አልፈርድባቸውም። የእኛ ቤተ መጻሕፍት ቴክኖሎጂ ቶሎ ተቆጥሮ ያልቃል፦ አንድ ኮምፒዩተር፣ መብራት ሲጠፋ ከኮምፒዩተሩ ቀድሞ የሚሞት አንድ ዩፒኤስ፣ ቀለሙ የደረቀ ማኅተም፣ እና ትልቁ መዝገብ። መዝገቡ ላይ ከእኔ በፊት የነበሩ የሁለት ሰዎች የእጅ ጽሑፍ አለ። ተራ ቁጥር፣ የመጽሐፉ ስም፣ የወሰደው ሰው፣ የወጣበት ቀን፣ የተመለሰበት ቀን፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ «ምርመራ» የሚል ዓምድ። ምርመራው ላይ ማንም ጽፎ አያውቅም። እውነት ለመናገር «የተመለሰበት ቀን» የሚለውም ቢሆን ብዙ ቀለም አልነካውም።

«ተሞክሮ ይዛችሁ ኑ» ስለተባለ መዝገቡን በማዳበሪያ ጠቅልዬ ያዝኩ። ሌላ ተሞክሮ የለኝም።

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት መናኸሪያ ደረስኩ፤ ቅጥቅጧ ሞልታ የተነሣችው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ረዳቱ ጥቅልሉን በእጁ መዘን መዘን አደረገና «ምንድን ነው?» አለኝ።

«መዝገብ።»

«የፍርድ ቤት?»

«የቤተ መጻሕፍት።»

«እህ» አለና ጣሪያ ላይ፣ ከሁለት ፍየሎች ጎን አስቀመጠው። የፍርድ ቤት ብዬው ቢሆን ኖሮ ጋቢና ይገባ ነበር።

ዋደራን አልፈን አዶላ ገባን፤ ክብረ መንግሥት የምትባለው ናት። ሰው ወርቅ ፍለጋ የሚወርድበትን አገር መዝገብ ይዤ ወደ ላይ ተሻገርኩት። ነገሌ ላይ በሸሚዝ የተሳፈረ ሰው ቦሬ ላይ ጋቢ የያዘ ጎረቤቱን በቅናት ያያል። ከአገረ ሰላም ቁልቁል እንሰቱና ቡናው ይጀምራል፣ ሐዋሳ ስንደርስም ይመሻል። በማግስቱ አዲስ አበባ።

አዳራሹ ውስጥ ባጅ አንገቴ ላይ ተንጠለጠለ። የመጀመሪያው ተናጋሪ ዳታችንን «ደመና» ላይ እንድናስቀምጥ መከሩን። ማስታወሻ ያዝኩ፤ ሆዴ ግን አልተቀበለውም። የቆላ ሰው ደመናን አያምንም። መጥቶ፣ ጠቁሮ፣ ሳይዘንብ ይሄዳል። ቦረና ውስጥ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከድቶን የከብት አጥንት መንገድ ዳር ከተቆለለ ገና ጥቂት ዓመት ነው። እንኳን መጽሐፍ፣ አንድ ጥጃም ደመና ላይ አላስቀምጥም።

ምሳ ላይ ከየት እንደመጣሁ ሲጠይቁኝ «ከነገሌ» አልኩ። አንድ ሸምገል ያሉ ተሳታፊ የያዝኩትን ሳህን አዩና «ምሳው ተስማምቶሃል?» አሉኝ፣ ፈገግ ብለው። ነገሩ ገብቶኛል። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነገሌ የሰፈረው ጦር ምግቡ አይበላም፣ ውሃውም አይጠጣም ብሎ አመፀ። ጃንሆይ ነገሩን እንዲያበርዱ የላኳቸውን የምድር ጦር አዛዥ ወታደሮቹ ይዘው እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፣ የሚጠጡትንም አጠጧቸው። የአብዮቱ አመጣጥ ሲተረክ ከመጀመሪያዎቹ ምዕራፎች አንዱ ይህ ነው፤ ወደ ሥሩ ከወረዱ የሚያገኙት የተበላሸ የውሃ ፓምፕ ነው። ከዚያ ወዲህ የነገሌ ሰው ስብሰባ ላይ ስለ ምሳ ሲያጉረመርም በቀላሉ አይታይም። «ተስማምቶኛል» አልኳቸው።

ከሰዓት በኋላ ስለ ፕሮግራሙ ተባለ። መጽሐፍ የሚመዘግብ፣ የሚያውስ፣ የሚያስመልስ፣ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚሠራበት ነጻ ሶፍትዌር። ስሙ ኮሃ።

የስም አመጣጥ መቆፈር የቆየ ሕመሜ ነው። አንድ ሰው ወመዘክር እሄዳለሁ ሲለኝ እንኳ ደስ ይለኛል። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ሙሉ ስሙ «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ነበር፤ ያገሬ ሰው ቤተ መጻሕፍቱን ቆርጦ ጥሎ «ወ»ን ከነመዘክሩ አስቀረ። በ«እና» የሚጀምር ስም ያለው መሥሪያ ቤት በዓለም ላይ ሌላ መኖሩን እንጃ። እና ኮሃ ሲባል መጀመሪያ የመጣብኝ መቀሌ አጠገብ ያለችው ኩሓ ናት። እዚያ የተሠራ መስሎኝ ኮራሁ። ጎኔ የተቀመጠው ወጣት ምህጻረ ቃል ነው ብሎ እያንዳንዱን ፊደል በእንግሊዝኛ ተነተነልኝ። ሁለታችንም ተሳስተናል።

ኮሃ የማኦሪ ቃል ነው፤ የኒው ዚላንድ ነባር ሕዝብ ቋንቋ። ፕሮግራሙ የተወለደው ሌቪን በምትባል፣ ከዋና ከተማዋ ከዌሊንግተን በስተሰሜን በምትገኝ የገጠር ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የሆሮዌኑዋ ቤተ መጻሕፍት አሥራ ሁለት ዓመት ያገለገለ ሲስተሙ 2000 ሲገባ እንደሚያብድ ተነገረው። እኛ ያኔ ገና 1992 ላይ ስለነበርን ጭንቀቱ በሩቁ ነው ያለፈን። አዲስ ሲስተም ለመግዛት ዋጋው ከአቅም በላይ ሆነ፤ በዚያ ላይ ውድ የመገናኛ መስመር ይፈልጋል፤ በትናንሾቹ ከተሞች ያሉት ቅርንጫፎች ደግሞ ያላቸው ተራ የስልክ መስመር ነው። ስለዚህ ካቲፖ የሚባል ትንሽ የዌሊንግተን ኩባንያ በስልክ መስመር የሚሠራ አዲስ ፕሮግራም ጻፈላቸው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 2000 ሥራ ጀመረ። ከዚያም ሸጠው መክበር ሲችሉ ለዓለም በነጻ ለቀቁት።

ስሙ ያለው እዚህ ላይ ነው። ኮሃ ስጦታ ማለት ነው፤ ግን መላሽ ያለው ስጦታ። ማኦሪዎች ዘንድ እንግዳ ወደ መንደሩ መሰብሰቢያ ሲመጣ ኮሃ ይዞ ይመጣል። ድሮ ምግብ ነበር፤ ዛሬ ብዙውን ጊዜ ገንዘብ በፖስታ ነው፣ ልክ እንደ እኛ ሰርግ። ተቀባዩ ዛሬ ይቀበላል፣ ነገ በተራው ይሰጣል። ዝም ብሎ የሚወሰድ ነገር ኮሃ አይባልም።

ቃሉም ተፈትኗል። አንድ የአሜሪካ ኩባንያ «ኮሃ» የሚለውን ስም በዚያው በኒው ዚላንድ በንግድ ምልክትነት ሊያስመዘግብ ተነሣ። የገጠሩ ቤተ መጻሕፍት ለጠበቃ የሚከፍለው አልነበረውም፤ ለዓለም አቤት አለ። ፕሮግራሙን በነጻ የወሰዱ ሰዎች ከየአገሩ ገንዘብ አዋጡለት። እ.ኤ.አ. በ2013 የንግድ ምልክት ባለሥልጣኑ ውሳኔ ለቤተ መጻሕፍቱ ሆነ። ስጦታው መልሱን ይዞ መጣ።

ይህን ሁሉ ሰምቼ ኮሃን ልወደው ስል ሙከራው መጣ። አሠልጣኙ «የአያት ስም፣ ኮማ፣ የራስ ስም» የሚለውን የፈረንጅ ሣጥን ሳያስተካክል ሀዲስ አለማየሁን አስገባ። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አባታቸው ጻፉት። ከበደ ሚካኤል ተራቸው ሲደርስ መጽሐፉ በመላእክት አለቃ ስም ተመዘገበ። ቀጥሎ አንዲት ተሳታፊ «ጸጋዬ» ብላ ፈለገች፤ ምንም የለም። በ«ፀ» ስትሞክር ወጣ። ሁለቱ ጸጋዬዎች እርስ በርስ አይተዋወቁም። ጥፋቱ ከአሞላላችን እንጂ ከፕሮግራሙ አይደለም አሉን፤ የኢትዮጵያዊ ስም በራስ ስም ይገባል፤ ሐመሩ «ሐ» ከሀሌታው «ሀ» እንዲታረቅም ማድረግ ይቻላል ተባለ። ማነው የሚያስታርቀው ሲባል ሻይ ደረሰ።

ሻይ ላይ አንዱ «ነገሌም ቤተ መጻሕፍት አለ እንዴ?» አለኝ። ክፋት የለበትም፤ ግን ኩኪሱ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። ስለ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ነገርኩት። ነገሌ የተወለደ ነው። የመጀመሪያውን መጽሐፍ ሲዋስ ዕድሜው 19 ነበር፤ ተራ የፍቅር ልብ ወለድ። ተሰዶ አሜሪካ ገባ፣ የቤተ መጻሕፍት ሙያ ተማረ፣ ሳን ፍራንሲስኮ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ሆነ፤ ለየአገሩ ልጆች በየቋንቋቸው መጽሐፍ ሲያሰባስብ በአማርኛ አንድም አጣ። እ.ኤ.አ. በ2002 አሥራ አምስት ሺህ መጽሐፍ ይዞ አገሩ ገባ፤ በዓመቱ አዲስ አበባ ሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። በኋላ ሐዋሳ ላይ አህያ የሚጎትተው ቤተ መጻሕፍት አቆመ። በ2008 ሲኤንኤን ከዓመቱ አሥር ጀግኖች አንዱ አለው። «እንግዲህ» አልኩት፣ «ቤተ መጻሕፍት ባይኖረን ሰውየው አለን።» ከነገሌ ቁልቁል በፊልቱ አድርገው ወደ ዶሎ ሲወርዱ ደግሞ ተረኛዋ ግመል ናት፤ በሶማሌ ክልል መጽሐፍ በሣጥን ተጭኖባት የአርብቶ አደሩ ልጅ ወዳለበት ትሄዳለች። ጎረቤታችን ኬንያ ጋሪሳ ላይ ይህን የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1996 በሦስት ግመል ነው። አህያም ግመልም «ሲስተም የለም» ብለው አያውቁም።

በመመለሻው ከአዶላ አንድ የቦረና ሽማግሌ ተሳፍረው ጎኔ ተቀመጡ። መዝገቡ ከጣሪያ ወርዶ ጭኔ ላይ ነበር፤ ሲሄድ ከፍየል ጋር ስለዋለ ሲመለስ አላመንኩም። ገለጥ አድርገው አዩት።

«ይሄ ሁሉ ዕዳ ነው፣ ልጄ?»

«ውሰት ነው፣ አባባ። መጽሐፍ የወሰዱ ሰዎች ናቸው።»

ጣታቸው ባዶው ዓምድ ላይ ቆመ። ፊደል እንደማይቆጥሩ ነግረውኛል፤ ባዶን ለማንበብ ግን ፊደል አያስፈልግም።

«አይመልሱም?»

«አሥራ አምስት ቀን እንሰጣለን። ሲያልፍ ቅጣት አለ።» ቅጣቱን ማንም ከፍሎ እንደማያውቅ አልነገርኳቸውም።

ቅጣት የሚለው አሳቃቸው። የእነሱን ደባሬ አስረዱኝ። ከብት ያለው ለሌለው ላም ይሰጣል። ወተቱ የተቀባዩ ነው፤ ልጆቹን ያሳድግበታል። ላሟና የምትወልደው ጥጃ ግን የባለቤቱ ናቸው። መዝገብ የለም፤ የማን ላም የት እንዳለች፣ ልጇ የት እንደደረሰች በቃል ይታወቃል። ድርቅ ጨርሶ ያራቆተውን ደግሞ ጎሣው በቡሳ ጎኖፋ ከብት አዋጥቶ ያቋቁመዋል። እኔ ስድስት መቶ ኪሎ ሜትር ሄጄ፣ ከኒው ዚላንድ በመጣ ቃል በስላይድ ያየሁትን፣ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጠው ነገሩኝ።

«ላሟን ይዞ ቢጠፋስ?»

«ላም ይዞ የት ይጠፋል? ውሃ የሚያጠጣው እኛው ጉድጓድ ነው።»

ዝም አልኩ። እሳቸው ግን አልጨረሱም። «የአንተ መጽሐፍ ትወልዳለች?»

«አትወልድም፣ አባባ።»

«እንግዲያ ለምን ታዋሳለህ?»

ዋደራ እስክንደርስ መልስ ፈለግሁ። ወተቱ ለአንባቢው፣ መጽሐፉ ለቤቱ ልላቸው ነበር፤ ግን ጥጃዋ ጎደለችብኝ። ቀና ስል ተኝተዋል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አንድ ተማሪ መጣ። ስሙ መዝገቡ ላይ አለ፤ ያለንን አንድ ለእናቱ የፊዚክስ መጽሐፍ ከወሰደ ሰባት ወር ሆኖታል። ቅጣቱን በልቤ ደምሬ ጨርሻለሁ። መጽሐፉን በፌስታል ጠቅልሎ ጠረጴዛው ላይ አኖረ፤ ከላዩ አንድ ወፍራም ደብተር ጨመረበት። ገለጥኩት። መጽሐፉን ከጥግ እስከ ጥግ በእጁ ገልብጦታል፤ ሥዕሎቹ ሳይቀሩ፣ ቀስቶቹ በቀይ እስክሪብቶ። «አንዱ ሲወጣ ሌላው ተማሪ እንዳይቸገር ብዬ ነው» አለኝ። ያዘገየውም ይኸው ነበር።

ደብተሩን ኮሃ ላይ ልመዘግብ ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ። አሳታሚ ይላል፤ የለውም። የታተመበት ዓመት ይላል፤ አልታተመም። ደራሲው ጋ የልጁን ስም ስጽፍ ሣጥኑ ገለበጠብኝና አባትየው ደራሲ ሆኑ፤ በግ ነጋዴ ናቸው። ላስተካክል ስል መብራት ጠፋ፣ ዩፒኤሱም እንደልማዱ ቀድሞ ሄደ።

መዝገቡን ሳብኩ። የፊዚክሱን መስመር አግኝቼ የተመለሰበትን ቀን ጻፍኩ። ቀጥሎ እስክሪብቶዬ ያ ማንም ነክቶት የማያውቅ ዓምድ ላይ ደረሰ። ምርመራ፦ «ወለደች።»