ትከሻ ወደ ታች

በእኛ አገር ሴትን ልጅ «የቤት ምሰሶ ሁኚ» ማለት ትልቅ ምርቃት ነው። ምሰሶ ይዛ ትደንሳለች ማለት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እኛ ሦስት ጓደኛሞች ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ ማታ፣ ፖል ዳንስ ስንማር ቆይተናል። የምንኖረው ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ ነው። ከመካከላችን አንዷ ሆስፒታል የሌሊት ፈረቃ ትሠራለች፣ ሁለተኛዋ ተማሪ ናት፣ ሦስተኛዋ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አጎንብሳ ትውላለች። ርዕሱን ሰምታችሁ ሌላ ነገር ከጠበቃችሁ ከወዲሁ ይቅርታ፤ ወሬያችን ስለ መጅ፣ ስለ በለዘ ጭን እና ስለ ትከሻ ነው።

«ለምን በቁምጣ?» የሚለው ጥያቄ ሁሌም ይቀድማል። መልሱ ፊዚክስ ነው። ብረቱን አንቆ የሚይዘው ቆዳ ነው፤ የጭን የውስጥ በኩል፣ ቋንጃ፣ ብብት፣ የክንድ መታጠፊያ። ተራውን ብረት በሱሪ ልውጣ ያለ ሰው ሳሙና በተቀባ ዛፍ ላይ እንደሚወጣ ሰው ቁልቁል ይመጣል። በዚሁ ምክንያት የትምህርት ቀን ቅባት ክልክል ነው። ይሄ ለሐበሻ ሴት ቀላል ሕግ አይደለም። ከሕፃንነታችን ጀምሮ ታጥበን ቫዝሊን ሳንቀባ ከቤት ወጥተን አናውቅም፤ ማክሰኞ ግን አመድ መስለን እንውላለን። (ደግሞ የሚያሟልጨው የራስሽ ቅባት ብቻ አይደለም፣ ካንቺ በፊት የያዘችውም ጭምር ነው። ለዚህ ነው ብረቱ በየመሀሉ በአልኮል የሚወለወለው።) በክረምት ብረቱ ሲቀዘቅዝም አይይዝም፤ ትንሽ አቅፎ ማሞቅ ያስፈልጋል። መዳፉ የሚያልበው ሰው ክብደት አንሺዎች የሚቀቡትን ነጭ ዱቄት ይቀባል።

ስለ ብልዙ ለእናቶቻችን ምን አልናቸው? እውነቱን። የአንዳችን እናት ጭን ላይ ያለውን ጥቁር ነገር አይተው «አንቺ ልጅ፣ ማነው የመታሽ?» ብለው ደነገጡ። «ማንም አልመታኝም እማዬ፣ ብረት ላይ ስወጣ ነው» አለቻቸው። ትንሽ አሰቡና «ከላዩ ምን ልታወርጂ?» አሉ። እስከ ዛሬ የዚህን ያህል ጥሩ ጥያቄ የጠየቀን የለም፤ መልስም አላገኘንለትም።

አሁን ወደ ትከሻ። የመጀመሪያዎቹን ወራት አስተማሪያችን ከአንድ ዐረፍተ ነገር በቀር የምታውቅ አትመስልም ነበር፤ «ትከሻ ወደ ታች!» ነገሩ እንዲህ ነው። ሰው እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ሲንጠለጠል ትከሻው ወደ ጆሮው ይሸሻል፤ ክብደቱ ሁሉ ጡንቻውን ትቶ መገጣጠሚያው ላይ ይወድቃል። ያ ያማል፣ ሲደጋገም ደግሞ ይጎዳል። ስለዚህ እግር ከመሬት ከመነሣቱ በፊት በጀርባ በኩል ያሉትን ሰፋፊ የትከሻ አጥንቶች ወደ ታች፣ ወደ ኪስ ለመክተት ያህል መሳብ ያስፈልጋል። ያኔ አንገት ይረዝማል። ከሩቅ ሲታይ «እንዴት ያምራል» የሚባለው ረጅም አንገት ከጉዳት መጠበቂያው ጋር አንድ መሆኑ ገና ዛሬም ይገርመናል።

እዚህ ላይ እስክስታ ጠቀመን ወይስ ጎዳን? ሁለቱንም። በአንድ በኩል የእኛ ትከሻ ሙዚቃ ሲሰማ ዝም ማለት አይሆንለትም፤ እሱን ማሰር የእስር ቤት ዘበኛ የመሆን ያህል ነው። በሌላ በኩል ትከሻን ከአንገት፣ ደረትን ከወገብ ለይቶ ማዘዝን ሠርግ ቤት የተማርነው ገና በልጅነታችን ነው። ክፍላችን ውስጥ ያሉ ሌሎች ሴቶች ትከሻቸው የት እንዳለ ለማወቅ ብቻ ሳምንታት ፈጀባቸው። እኛ የት እንዳለ እናውቃለን፤ ችግራችን እንዲቀመጥ ማሳመን ነበር።

መሽከርከር ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገው አንድ ነው፤ ይፈራና ብረቱን እንደ ዘመድ ያቅፈዋል። ባቀፉት ቁጥር አይዞርም። የሚዞረው ሰውነት ከብረቱ ሲርቅ ነው፤ የላይኛው እጅ ይስባል፣ የታችኛው ይገፋል፣ የውጭ በኩል ያለው እግር ሰፊ ቅስት ሠርቶ ይመጣል። ጉልበቱ የሚገኘው ከክንድ ሳይሆን ከአረማመዱ ነው። ሁለት ሦስት እርምጃ በእግር ጣት፣ ክብደት ወደ ውጭ፣ ከዚያ መልቀቅ። የያዙትን ነገር እየገፉ መያዝ አእምሮ በቀላሉ የሚቀበለው ነገር አይደለም። ብረቱ ራሱ የሚሽከረከር ሲሆንማ ሕጉ ይጨምራል፤ እጅና እግር ከተሰበሰበ ይፈጥናል፣ ከተዘረጋ ይቀንሳል። አንዳችን ደንግጣ ጉልበቷን ወደ ደረቷ በሳበች ጊዜ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ የገባች መስላ ነበር። የሚያድናት መዘርጋት ነበር፤ የፈራ ሰው ደግሞ አይዘረጋም።

ውበቱ ግን እዚያ ላይ አይደለም። ከላይ ዘቅዝቆ መንጠልጠል ሰው ያስጨበጭባል፤ ዳንስ የሚያሰኘው በሁለት ጉዶች መካከል ያለው ነገር ነው። ከመሬት እንዴት ትነሻለሽ? ፀጉርሽን ሳትነካኪ፣ ቁምጣሽን ሳታስተካክይ፣ ዓይንሽን መስታወት ላይ ሳትሰኪ ሦስት እርምጃ መራመድ ትችያለሽ? የእግር ጣትሽስ እስከ መጨረሻው ተዘርግቷል ወይስ እንደ ማንጠልጠያ ታጥፏል? በሞባይል እየተቀረጽን ድምፁን አጥፍተን እናያለን። ሙዚቃው ብዙ ጉድ ይሸፍናልና። በአንድ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ ማረም፤ ዛሬ ጣት፣ በሚቀጥለው አተነፋፈስ። ሁሉንም በአንድ ቀን ያለች ፊቷ ላይ የፈተና ክፍል ይነበባል።

ቀስ ማለት ደግሞ ጉልበት ይጠይቃል። ተወርውሮ መገልበጥ ቀላል ነው፤ በሆድና በጀርባ ጡንቻ ብቻ እግርን እያዘገሙ ማንሣት ነው ከባዱ። ሳንወረወር መገልበጥ እስክንችል ድረስ ፍራሽ ተነጥፎም ቢሆን አልተፈቀደልንም። ሰባት ወር ፈጀ።

ይህን ቀስ ማለት ከማንም በላይ የምትችለው አስተማሪያችን ናት፤ ስፖርት ቤት አልተማረችውም። ለዓመታት ክለብ ውስጥ ሠርታለች። ሌሊቱን ሙሉ ረጅም ተረከዝ ላይ ቆሞ መደነስ የሚጠበቅበት ሰው ጉልበቱን አያባክንም፤ እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ይቆጥባል። እኛ ግርማ ሞገስ የምንለው፣ ለእሷ እስኪነጋ የመቆያ ዘዴ ነበር።

ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። ሰው «ኧረ ምን ነካችሁ?» ሲለን አፋችን ላይ የሚመጣው ታሪክ ንጹሕ ነው። በሕንድ ማሃራሽትራ ታጋዮች በእንጨት ምሰሶ ላይ የሚሠሩት ማላክሃምብ አለ፤ የቻይና ሰርከስ ምሰሶ አለ። እ.ኤ.አ. በ2012 ለንደን ላይ የዓለም ሻምፒዮና ተደርጓል፤ በ2017 ደግሞ የዓለም ስፖርት ፌዴሬሽኖችን ያሰባስብ የነበረው ማኅበር ለፖል ስፖርት የታዛቢነት ዕውቅና ሰጥቶ ነበር። ሁሉም እውነት ነው። ነገር ግን እኛ ማክሰኞ የምንማረው ከማሃራሽትራ አልመጣም። አካሄዱም፣ ወደ መሬት አወራረዱም፣ ተረከዙም የመጣው ከሰሜን አሜሪካ ክለቦች፣ ማንም ስማቸውን ካልመዘገበላቸው ሴቶች ነው። «እኛ ስፖርተኞች ነን እንጂ እንደነሱ አይደለንም» ማለት የሰውን ሙያ ወስዶ ባለሙያዋን በር ላይ ማስቀረት ነው። አገራችን ውስጥም አዝማሪን እንዲሁ ነበር ያደረግነው፤ ዘፈኑን ወደድን፣ ልጃችንን ግን ከለከልነው።

ለሐበሻ ዘመዶቻችን ይህን ሁሉ አንዘረዝርም፤ ለጠየቀን ግን ጂምናስቲክ ነው አንልም። አንዷ አክስታችን ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው በዝምታ አይተው «ሁሉም ጥሩ ነው፤ ትከሻሽን ግን ምን ነካው? ለምን አይንቀሳቀስም?» ብለው ጠየቁ።

በቀኝ በኩል ደህና ነን። በግራ በኩል ገና ጀማሪ ነን፤ ሁሉም እንቅስቃሴ በሁለቱም ጎን ካልተሠራ አንዱ ትከሻ ወፍሮ ሌላው ይቀራል ተብለናል፤ ስለዚህ ሙሉው የሚቀጥለው ወር የግራ ነው። የሌሊት ፈረቃ ያላት ጓደኛችን ከትምህርቱ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ትሄዳለች። መኪናዋ ውስጥ፣ ከዩኒፎርሟ ጋር፣ አንድ ጠርሙስ ቅባት አለ። ሥራ ከመግባቷ በፊት እጇን ትቀባለች።