ኮከባችን ምን አጠፋ?

እኛ ያልሆነልንን ነገር ሁሉ ለኮከብ መስጠት እንወዳለን። ፍቅር ሲቀዘቅዝ “ኮከባችን አልገጠመም”፣ ሥራ ሲጠፋ ደግሞ “ኮከቤ አይደለም” ብለን እንገላገላለን። አንዳንዶቻችንማ አዋቂ ዘንድ ተወስደን፣ የስማችን ፊደል ከእናታችን ስም ጋር ተደምሮና በ12 ተገድፎ፣ ዕጣ ፈንታችን ተነግሮናል። እስቲ ዛሬ ነገሩን እንገልብጠውና እንጠይቅ፦ የኮከቡስ ዕጣ ምንድን ነው?

ኮከብ የሚወለደው ጠፈር ላይ ከተበተነ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። ደመናው በራሱ ስበት እየተጨመቀ ይሞቃል። እምብርቱ 10 ሚሊዮን ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ሃይድሮጅን እየተዋሐደ ሂሊየም መሆን ይጀምራል፤ ብርሃኑም ከዚያ ይመጣል። ዕድሜውን በዋናነት የሚወስነው ሲወለድ የያዘው ክብደት ነው። ታዲያ ብዙ የያዘ ብዙ ይኖራል እንዳትሉ! ከፀሐይ 20 እጥፍ የሚከብድ ኮከብ ስንቁን የሚጨርሰው በ10 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ፀሐያችን ግን 10 ቢሊዮን ዓመት ያህል የሚያቆያት ነዳጅ አላት፤ እስካሁን 4.6 ቢሊዮኑን ኖራዋለች። ትናንሾቹና ደብዛዞቹ ቀይ ኮከቦች ደግሞ ቆጥበው እየነደዱ ትሪሊዮን ዓመታትን ይሻገራሉ።

አሟሟታቸውም ይለያያል። ፀሐይ መጨረሻዋ ሲደርስ አብጣ ትቀላለች፤ ከዚያ የውጭ ልብሷን አራግፋ የመሬትን ያህል የምታክል ነጭ ፍም ሆና ትቀራለች። ግዙፉ ኮከብ ግን እምብርቱ ወደ ብረት እስኪለወጥ ይነዳል። ብረት ቢዋሐድ ኃይል አይሰጥም። ስለዚህ እምብርቱ በቅጽበት ይደረመሳል፣ ኮከቡም ይፈነዳል። እ.ኤ.አ. በ1054 የቻይና ሰማይ ተመልካቾች የመዘገቡት እንዲህ ያለ ፍንዳታ በጠራራ ፀሐይ ለ23 ቀናት ታይቷል። ፍርስራሹ ዛሬም በቴሌስኮፕ ይታያል።

ዕጣው በልደቱ የተጻፈለትስ ኮከብ ነው። ግዙፉ “ቀስ ብዬ ልንደድ” ቢል አይችልም፤ ትንሹም ልድመቅ ቢል አቅሙ አይፈቅድለትም።

እኛስ? ሁለት ጓደኞቻችን ለዓመታት ተዋደው፣ ቀለበት ሊያስሩ ሲሉ “ኮከባቸው አይገጥምም” ተባለ። ቤተሰብ ፈራ፤ እነሱም ፈሩና ተለያዩ። ቢጋቡ ይጣሉ ወይም ይስማሙ ነበር፤ ያንን የሚያውቅ የለም። እኛን ያናደደን ሳይሞክሩት መቅረቱ ነው። ሰማይ ላይ ያለው ጋዝ ስለ እነሱ ያለው ነገር አልነበረም።

ከኮከብ ጋር ዝምድና የለንም ማለታችን ግን አይደለም። ደማችንን የሚያቀላው ብረት፣ የምንተነፍሰው ኦክስጅን፣ የአጥንታችን ካልሲየም፣ ሁሉም መሬት ሳትፈጠር በፊት ኖረው በሞቱ ኮከቦች ውስጥና በፍንዳታቸው የተሠሩ ናቸው። የወረስነው ይህንን ነው። በወረስነው ምን እንደምንሠራ ደግሞ የእኛ ፈንታ ነው፤ ለአዋቂም ለኮከብም የሚተው አይደለም።

እናንተስ ወገኖቻችን፣ ኮከብን ሰበብ አድርጋችሁ ሳትሞክሩት የተዋችሁት ነገር የለም?