ስስ ሽፋን፦ ከአሶሳ የኪስ ደብተር

1

አሶሳ፣ ዘጠነኛ ክፍል። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ሁለት ረድፍ ክብ ይስላል። ከእያንዳንዱ ክብ ሁለት ሁለት ጅራት ያወጣል። ክቦቹ ውሃ ወዳለበት፣ ጅራቶቹ ወደ መሐል። የሕዋስ ሽፋን ነው። ክፍሉ በአንድ ድምፅ "ሰሌክቲቭሊ ፐርሚየብል" ይላል። አጠገቤ ያለውን ልጅ በአማርኛ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቅሁት። እሱ ጓደኛውን በበርታ ቋንቋ ጠየቀው። ሁለቱም ዝም አሉ። "መርጦ የሚያሳልፍ" አልኳቸው። ልጁ የደብተሩ ጠርዝ ላይ ጻፈው።

2

የሽፋኑ ውፍረት ከ7 እስከ 8 ናኖሜትር ነው። ይህን የምጽፍበትን አንድ ቅጠል ወረቀት ውፍረት ለመሙላት ከ10,000 በላይ ሽፋኖችን መደራረብ ያስፈልጋል።

3

ምግብ ቤት። ከመታጠቢያው በላይ "እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ" የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ሳሙና የለም። የኮሮና ቫይረስ ቅባታም ልባሱን የሚወስደው ከታመመው ሰው ሕዋስ ውስጥ ካለ ሽፋን ነው። ሳሙና ይበትነዋል፤ ውሃ ብቻውን አይበትነውም። በጓዳው በር ሴትዮዋ ድስት ስታጥብ ይታየኛል። ሳሙናው እሷ ጋ ነው።

4

እ.ኤ.አ. በ1925 ሁለት የሆላንድ ተመራማሪዎች፣ ጎርተርና ግሬንዴል፣ ከሰው፣ ከውሻ፣ ከበግና ከፍየል ደም ቀዩን ሕዋስ ለዩ። ቅባቱን በአሴቶን አወጡት። ውሃ ላይ አንድ ንጣፍ አድርገው ዘረጉት። ስፋቱ የሕዋሶቹን ገጽ እጥፍ ሆነ። ሽፋኑ ድርብ ነው አሉ። ኋላ ሲመረመር አሴቶኑ ቅባቱን ሁሉ አላወጣም ነበር። የሕዋሱንም ገጽ አሳንሰው ነበር የለኩት። ሁለቱ ስሕተቶች ተካካሱ። ሽፋኑ በእርግጥም ድርብ ነው።

5

ከደጋ የመጣ ቅቤ አሶሳ ገበያ ላይ አይረጋም። ገዢው "ተበላሽቷል" ይላል። አልተበላሸም፤ ሞቆታል። ከጎኑ የኑግ ዘይት አለ፤ እሱ ደጋም ላይ አይረጋም። እ.ኤ.አ. በ1972 ሲንገርና ኒኮልሰን የሕዋስ ሽፋን ፈሳሽ መሆኑን ጻፉ፤ ፕሮቲኖቹ ቅባቱ ውስጥ ከቦታ ቦታ ይንሳፈፋሉ። ብርድ ላይ የሚኖሩ ፍጥረታት በሽፋናቸው ውስጥ የማይረጋውን ዓይነት ቅባት ያበዛሉ።

6

ጥቅምት፤ የወባ ወር። ጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ "አጎበር ውስጥ ይተኙ" ይላል። ከግቢው ወጣ ብሎ አጎበር የችግኝ አጥር ሆኗል። ችግኙ የማንጎ ነው፤ በደንብ ይዟል።

ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ወደ ቀይ የደም ሕዋስ ሲገባ ሽፋኑ ላይ ያለውን ዳፊ የተባለ ፕሮቲን ይይዛል። ብዙ አፍሪካውያን በቀይ ሕዋሳቸው ላይ ይህ ፕሮቲን የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1976 ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ እነዚህ ሰዎች ቫይቫክስን እንደሚቋቋሙ አሳዩ። መጻሕፍት "አይዛቸውም" ብለው ደመደሙ። ከዚያ በማዳጋስካር ያዛቸው። በኢትዮጵያም ያዛቸው። ጥገኛው ሌላ በር ሳይኖረው አይቀርም።

አጎበሩ በዳፊ አይለይም። ሁሉንም ይከላከላል።

7

የወባ መድኃኒቱ ኮአርተም ውስጥ ያለው ሉሜፋንትሪን በውሃ አይሟሟም፤ በቅባት ነው። ቅባት ከበዛበት ምግብ ጋር ሲወሰድ ወደ ደም የሚደርሰው መጠን በባዶ ሆድ ከሚደርሰው እስከ 16 እጥፍ ይሆናል። መድኃኒት ሰጪዋ "ከምግብ ጋር" ትላለች። ወረፋው ረጅም ነው፤ ከዚህ በላይ አትልም። ሰውየው በጥቁር ሻይ ይውጠዋል።

"ወተት አልጠጡም?" አልኩት።

"ጾም ነው፤ እንዴት ብዬ!"

ኦቾሎኒ የጾም ምግብ ነው። ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው። ሰውየው መንገድ ዳር ኦቾሎኒ ይሸጣል።

8

በሬው ከስቷል። ፀጉሩ ቆሟል። "ተሽሎት ነበር፤ መልሶ ጣለው" ይላል ገበሬው። ገንዲ ነው። ፄፄ ዝንብ የምታስተላልፈው ጥገኛ ሽፋኑን በሙሉ በአንድ ዓይነት ፕሮቲን ይለብጠዋል። የበሬው ሰውነት ያንን ለይቶ ሲያጠቃው፣ ከጥገኞቹ ጥቂቶቹ ሌላ ለብሰዋል። እነዚያ ይራባሉ። ትኩሳቱ ይመለሳል። ገንዲ ክትባት የለውም።

9

ኩርሙክ ሁለት ናት። አንዷ ኢትዮጵያ ውስጥ፣ አንዷ ሱዳን ውስጥ። እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ወዲህ የሱዳንን ጦርነት የሸሹ ሰዎች በዚህ ገብተዋል። አንድ ሰው "ድንበሩ ዝግ ነው" አለኝ። እያናገርሁት ስኳር የጫነች አህያ አለፈች። ድንበሩም መርጦ ያሳልፋል።

10

ውሃ በሕዋስ ሽፋን ቅባት በኩል ብቻ የሚያልፍ ቢሆን ኖሮ ኩላሊት ሥራዋን ባልቻለች ነበር። ፒተር አግሬ የውሃውን በር ያገኘው ሌላ ፕሮቲን ሲፈልግ፣ ቀይ የደም ሕዋስ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ኖቤል ተሸለመ። አንዱ በር በሰከንድ እስከ 3 ቢሊዮን የውሃ ሞለኪውል ያሳልፋል። ከሁሉ የምታንሰውን ፕሮቶን ግን አያሳልፍም።

11

ማንጎ ጥላ ሥር አራት ሰዎች ጋደም ብለዋል። "ዛሬ ምንም አልሠራንም።" በሕዋሶቻቸው ሽፋን ላይ ፓምፕ አለ። በአንድ ዙር 3 ሶዲየም ያስወጣል፣ 2 ፖታሲየም ያስገባል። ያረፈ ሰው ከሚያወጣው ጉልበት ከአምስት አንድ እጁ ገደማ እዚህ ይሄዳል። ዴንማርካዊው የንስ ስኮው ፓምፑን እ.ኤ.አ. በ1957 ከሸርጣን ነርቭ አገኘው። ኖቤል የተሸለመው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው።

12

ጉባ፤ የሕዳሴ ግድብ። ከግድቡ ኋላ ውሃ ይጠራቀማል፤ በጠባብ መንገድ ይወርዳል፤ ተርባይን ያሽከረክራል። ፒተር ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1961 ሕዋስ ውስጥም እንዲህ ያለ ነገር እንዳለ ጻፈ፤ በስስ ሽፋን አንድ ወገን ፕሮቶን ይጠራቀማል፣ ወደ ሌላው ወገን ሲወርድ ጉልበት ይሰጣል። ብዙዎች አልተቀበሉትም። የሚወርድበት ፕሮቲን እንደሚሽከረከር የታወቀው ኋላ ነው።

13

ትምህርት ቤት በር ላይ አንዲት ልጅ ጥሬ ማንጎ ትሰነጥቃለች። ጨውና ሚጥሚጣ ትነሰንስበታለች። ትንሽ ሲቆይ ሳህኑ ውሃ ያቁራል። ማንም ውሃ አላፈሰሰበትም።

"ከየት መጣ?" አልኳት።

"ከማንጎው ነዋ! ጨው ይስበዋል።"

ዘጠነኛ ክፍል ናት። ባዮሎጂ እንዴት ነው አልኳት። "ኦስሞሲስ አልገባኝም" አለች።

14

ታማሚ ሁሉ "ጉሉኮስ ይሰቀልልኝ" ይላል። ጉሉኮስ ኃይል ነው ይባላል። የተሰቀለው ከረጢት ላይ ግን ያነበብሁት ጨው ነው፤ ከመቶ 0.9። ንጹሕ ውሃ በብዛት ደም ሥር ውስጥ ቢገባ ቀይ ሕዋሶቹ ውሃውን ጠጥተው ይፈነዳሉ። ዘመድ አዝማድ ከረጢቱን እያየ "ጉሉኮሱ አለቀ" ይላል። አልጋው አጠገብ ያልተከፈተ ኦአርኤስ፣ በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣው ስኳርና ጨው፣ አለ።

15

ግሉኮስና ሶዲየም በአንጀት ሕዋስ ሽፋን ላይ በአንድ በር አብረው ይገባሉ። ውሃው ይከተላቸዋል። ሮበርት ክሬን ይህን የገለጸው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። ኮሌራ ይህን በር አይዘጋውም። እ.ኤ.አ. በ1971 ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ሰዎች በሰፈሩበት ካምፕ ውስጥ በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ አለቀ። ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ ስኳርና ጨው በውሃ በጥብጦ በአፍ ሰጠ። ከመቶ 30 ገደማ የነበረው ሞት ወደ 4 ያህል ወረደ።

አሁን በሥራ ላይ ያለው የኦአርኤስ ፓኬት 13.5 ግራም ግሉኮስና 2.6 ግራም ጨው አለው፤ ከፖታሲየምና ከሲትሬት ጋር። የተሠራው ለአንድ ሊትር ነው።

አንዲት እናት ልጇን አዝላ መጣች። ልጁ ሦስት ቀን አስቀምጦታል። ዓይኑ ጎድጉዷል። "በየሰዓቱ እሰጠዋለሁ፤ አልተወለትም" አለች። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እናቲቱ የበጠበጠችበትን ሃይላንድ ተቀበለቻት። ግማሽ ሊትር ነው።

"እህቴ፣ ፓኬቱን ሙሉውን ነው የጨመርሽው?"

"አዎ። ወፈር ሲል ቶሎ ይሽለዋል ብዬ።"

"ሲወፍር ከልጁ ውሃ ይስባል። ያስቀምጠዋል እንጂ አይዝለትም።"

እናቲቱ አላለቀሰችም። ሌላ ባዶ ሃይላንድ ጠየቀች። ሠራተኛዋ በተጣራ ውሃ ሞላችላት፤ ሁለቱን አንድ ጆግ ውስጥ ቀላቀለቻቸው። ልጁ በማንኪያ ጠጣ። ወደ ማታ ሸና።

ፓኬቱን ከመቅደዳችሁ በፊት ጠርሙሱን እዩ። አንድ ሊትር ማለት ሁለት ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ነው።