ጨዋታው የተወለደባት የሐይቅ ዳር ከተማ

ቺካጎ ዘመድ ጥየቃ የሚሄዱ ከሆነ አንዱን ቅዳሜ ለሌክ ጄኔቫ ያስቀሩላት። በዊስኮንሲን ግዛት የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት፤ በመኪና ብትርቅ ሁለት ሰዓት ያህል ነው። አዲስ አበቤ ሲደክመው ቢሾፍቱ እንደሚወርደው ሁሉ ቺካጎዎችም እዚህ ሐይቅ ዳር ያርፋሉ። የማስቲካው ከበርቴ የሪግሌይ ቤተሰብ ሳይቀር ቪላ ነበረው። ደስ የሚለው ግን ሐይቁን የሚዞረው ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን የእግር መንገድ ለሁሉም ክፍት መሆኑ ነው። በሀብታሞቹ ግቢ ፊት ሲያልፉ «ወዴት ነው?» የሚልዎት የለም።

እኔን የወሰደኝ ሐይቁ ሳይሆን ሴንተር ስትሪት ላይ ያለ ተራ ቤት ነው። ጋሪ ጋይጋክስ ከነልጆቹ ይኖርበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ከኢንሹራንስ ሥራው ተሰናበተና ጫማ መጠገን ያዘ። በ1972 መገባደጃ ዴቭ አርነሰን ከሚኒሶታ መጥቶ አዲስ ዓይነት ጨዋታ አሳየው። ጋይጋክስም ደንብ አውጥቶ መጀመሪያ በገዛ ልጆቹ ሞከረው። በ1974 «ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ» በ1,000 ቅጂ፣ በ10 ዶላር ገበያ ላይ ዋለ።

አጨዋወቱ ቀላል ነው። አንድ ሰው ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ገጸ ባሕርይ ይሆናሉ። «ገደሉን እዘላለሁ» ያለ ልጅ ባለ 20 ገጽ ዳይስ ይጥላል፤ መዝለል አለመዝለሉን ቁጥሩ ይወስናል። አሸናፊ የለም። ታሪኩም ለወራት ይቀጥላል። (ሙያዬ ማርኬቲንግ ነው፤ አሸናፊ የሌለው ጨዋታ ሽጪ ብባል በጀቱን መልሼ እሰጥ ነበር።)

እኔ ቺካጎ ለሚኖሩት ለእህቴ ሁለት ልጆች በየቅዳሜው በቪዲዮ ጨዋታውን እመራላቸዋለሁ። ለእነሱ ጠዋት፣ ለእኔ ምሽት ነው። አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አይመልሱም፤ እናቴ ስልኩን ይዛ «እንዴት ናችሁ?» ስትል መልሱ «ፋይን» ነው። ስለዚህ የከተማዋን በር አንዲት አሮጊት እንድትጠብቅ አደረግሁ፤ በ«አንቱታ» በወጉ ሰላም ያላላትን አታስገባም። ትልቁ ሦስት ቅዳሜ በር ላይ ቆሞ «እንደምን አደሩ»ን ለመደ።

አንድ ቀን የትንሹ ጀግና ድልድይ ላይ ወደቀ። ዳይሱ 1 ብሏል። አይተው እንዳላዩ ማለፍ ይቻላል፤ ብዙ ወላጅም ያልፍ ይሆናል። እኔ አላለፍሁም፤ ቁጥሩ የማይከበር ከሆነ ከዚያ ወዲያ የሚያስፈራ ገደል አይኖርም። ልጁ አለቀሰ። ትልቁ ጉዞውን ሊቀጥል ሲል እናቴ ከጓዳ ሰምታ «ለቅሶ ሳይደረስ የት ይኬዳል?» አለች። የሚቀጥለው ቅዳሜ ሙሉውን በለቅሶ አለፈ፤ ድንኳን ተተከለ፣ ንፍሮ ተቀቀለ፣ ትልቁም «እግዜር ያጥናችሁ» አለ። ሟቹ ራሱ ስክሪኑ ላይ ሆኖ ንፍሮው ለማን እንደሚደርስ ያዝዝ ነበር።

ሌክ ጄኔቫ ከደረሱ ብሮድ ስትሪት ላይ ያለውን ሆርቲካልቸራል ሆልንም ይዩት። ጋይጋክስ በ1968 በ50 ዶላር ተከራይቶ የጨዋታ ወዳጆችን የሰበሰበበት አዳራሽ ነው፤ ያ ስብሰባ ዛሬ ጄን ኮን ተብሎ ኢንዲያናፖሊስ ላይ በአሥር ሺዎች ያስተናግዳል። በበጋቸው ወራት መኪና ማቆሚያ ጭንቅ ነው፤ መስከረም ይሻላል። መሠረታዊው የጨዋታ ደንብ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ይገኛል፤ ሻንጣዎ ውስጥ ለአንድ ስብስብ ዳይስ ቦታ ይተዉ።