የስደተኛው ንጉሥ ገነት

የሕንድ ሞጎል ነገሥታት መቃብር ሲነሣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ታጅ ማሃልን ነው። እኛ ግን ዛሬ ለካምፓችን አንባብያን ልናወጋ የመረጥነው ከእርሱ አስቀድሞ በዴልሂ ስለ ተሠራውና ለእርሱም አርአያ ስለ ሆነው ስለ ሁማዩን መቃብርና ስለ አትክልቱ ስፍራ ነው። የመረጥነውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህን ገነት ያስገኘው ስደት ነውና። (ዘመኖቹ ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሁማዩን የሞጎል ሥርወ መንግሥት ሁለተኛው ንጉሥ ነበር። በ1539 እና በ1540 በሼር ሻህ ድል ተመትቶ ዙፋኑን ጥሎ ሸሸ። ልጁ አክባር የተወለደው በ1542፣ በሽሽት ላይ ሳሉ፣ በሲንድ በረሃ ዳር በምትገኘው በኡመርኮት ነው። በ1544 ንጉሡ ከፋርሱ ሻህ ታህማስፕ ዘንድ ተጠጋ። ሻሁ በክብር ተቀበለው፤ ዳሩ ግን የሺዓን ሥርዓት እንዲቀበል ግፊት ተደረገበት። በሰው አገር የሚበላ እንጀራ ለንጉሥም በነፃ አይሰጥም።

ሆኖም ሁማዩን የስደቱን ዘመን እጁን አጣጥፎ አላሳለፈውም። የፋርስን ጥበብ አየ፤ ሚር ሰይድ ዓሊና አብዱስ ሰመድ የተባሉትን ሠዓሊዎች ወደ አገልግሎቱ አስገባ፤ የሞጎል ሥዕል የተመሠረተውም በእነርሱ ነው። በ1555 ዴልሂን መልሶ ያዘ። ብዙ ግን አልሰነበተም፤ በጥር 1556 ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ወድቆ ሞተ።

መቃብሩን ያሠራችው ሚስቱ ቤጋ ቤገም ናት። ንድፉን ያወጣው ሚራክ ሚርዛ ጊያስ በሄራትና በቡኻራ የሠራ ባለሙያ ነበር፤ ሥራው በ1560ዎቹ ተጀምሮ በ1570ዎቹ መጀመሪያ ተፈጸመ። ሕንፃው በቀይ ድንጋይ ተገንብቶ በነጭ እምነ በረድ ተጊጧል፤ ቁመቱ 47 ሜትር ያህል ነው። ጉልላቱ ድርብ ነው፤ የውጪው ከሩቅ እንዲታይ ከፍ ይላል፤ የውስጡ ደግሞ ለክፍሉ ልክ እንዲሆን ዝቅ ይላል። በመካከለኛው ባለ ስምንት ማዕዘን አዳራሽ የሚታየው ድንጋይ ምልክት ብቻ ነው፤ አስከሬኑ ያረፈው ከበታቹ ነው።

አትክልቱ ቻር ባግ ይባላል፤ አራት አትክልት ማለት ነው። በግንብ የታጠረው ቦታ በመንገድና በውሃ ቦይ በአራት ይከፈላል፤ አራቱም እንደገና ተከፋፍለው 36 ይሆናሉ። ፋርሶች በግንብ የታጠረ አትክልትን የሚጠሩበት የጥንት ቃል ወደ ግሪክ ቋንቋ ተሻግሮ የገነት ስም ሆኗል። በኛም በግእዙ «ገነት» ማለት አትክልት ማለት ነው። በግቢው ከ150 በላይ የሞጎል ቤተ ሰብ አርፏል። ከነገሥታቱ መካከልም ሕዝቡ «የፀጉር አስተካካዩ መቃብር» የሚለው ባለ ጉልላት ሕንፃ ቆሟል፤ የባለቤቱ ስም አልተጻፈበትም።

ይህ ስፍራ ሁለት ጊዜ ደግሞ የሸሹትን አስጠግቷል። በ1857 የመጨረሻው የሞጎል ንጉሥ ባሃዱር ሻህ፣ ከ80 ዓመት በላይ የሆነው ሽማግሌ፣ ከእንግሊዞች ሸሽቶ ከአያቱ መቃብር ተሸሸገ። ከዚያው ተይዞ ወደ ራንጉን ተጋዘ፤ በ1862 በስደት ሞቶ እዚያው ተቀበረ። ሕንድ በተከፈለችበት በ1947 ደግሞ፣ ከየቤታቸው የተባረሩና ወደ ፓኪስታን ለመሄድ የሚጠባበቁ ሙስሊሞች በአትክልቱ ሰፈሩ። መጠለያው አምስት ዓመት ያህል ቆየ፤ አትክልቱና ቦዮቹም ክፉኛ ተጎዱ። ስለዚህ ጉዳት የጻፉ አሉ። እኛ ግን ውሃ ለመቅዳት ተሰልፈን የምናድር ሰዎች፣ እነዚያን ለመውቀስ አፋችን አይታዘዝልንም።

ከመምህራን ማሠልጠኛ ወጥተን በየገጠሩ ስናስተምር ኖረን እዚህ ለደረስን ለኛ፣ ነገሩ የሩቅ ታሪክ ብቻ አይደለም። በዚህ ካምፕ ዘወትር የምንሰማው ቃል አለ፤ «ነገ ለምንለቀው ቦታ ዛሬ ምን ያደክመናል?» የሚል። ልጆች ከክፍል ሲቀሩ ይነገራል፤ ከቧንቧው በሚፈሰው ውሃ ጎመን እንትከል ስንልም ይነገራል። ለተናጋሪዎቹ አንፈርድባቸውም፤ ስንቱን ነገ ጠብቀው ያጡ ናቸው። እኛም እንደ ሁማዩን ጦር ይዘን የምንመለስ አይደለንም። ሆኖም ሠዓሊዎቹ ከፋርስ ሲነሡ ዋናው ሀብታቸው በእጃቸው ያለው ሙያ ነበር፤ እርሱን ደግሞ በየኬላው ፈትሾ የሚቀማ የለም። ለልጆቻችንም ልናስይዛቸው የምንችለው ስንቅ ይኸው ነው።

የተጎዳውም አትክልት እንደ ተጎዳ አልቀረም። በ2003 እድሳቱ ሲፈጸም ውሃው እንደገና ፈሰሰ። ጠራቢዎቹ ቦዮቹን ያነጠፉት በየ40 ሜትሩ አንድ ሳንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ እያደረጉ ነው። ትንሽ ቢበዛ ውሃው ይሮጣል፤ ትንሽ ቢያንስ ይተኛል።

በመካከላችን ወንዝ ጠልፋችሁ ማሳ ያጠጣችሁ ገበሬዎችና ድንጋይ የጠረባችሁ ግንበኞች አላችሁ። ይህን ልክ ያለ መሣሪያ በዓይንና በገመድ እንዴት እንደምታገኙት ለሚቀጥለው እትም ጻፉልን። መጻፍ ለሚቸግረው እኛ መጥተን እንጽፍለታለን።